ከቁልቢ እስከ ቁልቢ ያለው 210 ቀን

ታኅሣሥ 20 በሐረር የድካም ቀን ነው። ከቁልቢ ገብርኤል የተመለሰው እግሩን ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፎ ይቀመጣል። ነጠላው ከነአቧራው ሳፋ ውስጥ ይገባል። ለበረከት ብሎ ያመጣውን ለጎረቤት ያዳርሳል። ስለቱን ያገባው ቀለል ብሎት ይተኛል። አዲስ የተሳለው ደግሞ ከወዲሁ የከርሞውን ያሰላል፤ ልጅ ከተሰጠው ጃንጥላ፣ መንገዱ ከተቃና ወርቅ፣ እናቱ ከአልጋ ከተነሣች ከሐረር ቁልቢ ድረስ በእግሩ።

ታኅሣሥ 21 ሱቅ ይከፈታል። ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ነው ጥያቄው።

ከታኅሣሥ 19 እስከ ሐምሌ 19፣ ከአንዱ የቁልቢ ንግሥ እስከ ሌላው፣ ልክ 210 ቀን አለ። ከሐምሌ 19 ተነሥቶ ወደ ታኅሣሥ 19 ለሚቆጥር ደግሞ ጳጉሜን ጨምሮ 155 ቀን ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ዓመት ይሞላል። በሁለቱ ንግሥ ቀናት አንድ ሰው ሲያለቅስ፣ ሲንበረከክ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ ያየ ሰው የሐበሻ ክርስቲያን መጸለይ አያውቅም ሊል አይችልም። ያውቃል። ችግሩ ያለው በመሐሉ ባሉት ቀናት ነው፤ ያ ሁሉ እንባ ወደ ቤት ሲመለስ ሰዓትና ቦታ ያጣል።

ስለትን ማቃለል አይገባም። የሳሙኤል እናት ሐናም ተስላ ነው የወለደችው፤ በዚህች አገር በስለት የተወለደ፣ በስለት የተማረ፣ በስለት ከጦር ሜዳ የተመለሰ ብዙ ነው። የቁልቢን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ራስ መኮንን ራሳቸው ነገሩን ከዐድዋ ዘመቻ ጋር እንዳገናኙት ይነገራል። በኋላም ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ መንገድ ላይ ታመሙና ወደ ቁልቢ ተመለሱ፤ መጋቢት 13 ቀን 1898 ዓ.ም. እዚያው ዐረፉ፤ ሐረር ቅዱስ ሚካኤል ተቀበሩ። ለእሳቸው ቁልቢ በዓመት ሁለቴ የሚረገጥ ቦታ ብቻ አልነበረም፤ ሲታመሙም የሄዱበት ነው። ነገር ግን ስለት በባሕርይው ውል ነው፤ ውል ደግሞ ሁለቱ ወገኖች በቀጠሮ ቀን ብቻ እንዲገናኙ ያስለምዳል። በየቀኑ የሚገናኙ ሰዎች ውል አይጽፉም።

ሐረር ይህን ለመታዘብ ከሌላ ከተማ ይልቅ የተመቸች ናት። በ16ኛው መቶ ዘመን አሚር ኑር ባሠሩት ግንብ የታጠረችው ጀጎል አምስት ጥንታዊ በሮችና 82 መስጊዶች አሏት፤ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ስትመዘገብም ከተቆጠረላት ሀብት አንዱ ይኸው ነው። አምስቱን በሮች ከአምስቱ የእስልምና መሠረቶች ጋር የሚያያይዙ አሉ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ በሐረሪ ክልል ከ183 ሺህ በላይ ሰው ሲኖር 69 በመቶ ያህሉ ሙስሊም፣ 27 በመቶ ያህሉ ኦርቶዶክስ፣ 3 በመቶ ያህሉ ፕሮቴስታንት ነበር። እዚህ የሚኖር ክርስቲያን እንግዲህ ከልጅነቱ ጀምሮ ቀኑ በአዛን ሲከፈል እየሰማ ነው የሚያድገው። ማለዳ ገና ሳይነጋ አንዱ መስጊድ ይጀምራል፣ ሌላው ይቀበለዋል፣ ድምፁ በጠባቦቹ መንገዶች ይጋጫል። በዚያው ሰዓት ገደማ ከፈረስ መጋላ መድኃኔ ዓለም ኪዳን ይሰማል።

መድኃኔ ዓለም የቆመበት ቦታ ታሪኩ ቀላል አይደለም። ግብፆች ከተማዋን በያዙባቸው ዐሥር ዓመታት መስጊድ ነበረበት። ምኒልክ ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው በ1879 ዓ.ም. ሐረር ሲገቡ ነው ወደ ቤተ ክርስቲያንነት የተለወጠው። ጦርነቱ የተደረገው በገና ቀን ነበር። ይህን የሚያውቅ ክርስቲያን በዚያ ደጃፍ ቆሞ ሲጸልይ ትንሽ ዝቅ ማለት ይጠበቅበታል፤ ጎረቤቱ የሚጸልየው ከእሱ ቀደም ብሎ ነው፣ ምናልባትም ከእሱ አዘውትሮ።

አንድ ትንሽ የቋንቋ ነገር ይህን በደንብ ያሳያል። ሐረር ገበያ ውስጥ ባለሱቁ ዕቃ እየመዘነ «ሰግጄ ልምጣ» ቢል ማንም አይገረምም። ደንበኛው በርጩማ ስቦ ይቀመጣል፣ ወይም «እሺ፣ ዞሬ እመጣለሁ» ብሎ ይሄዳል። ሱቁን የሚጠብቀው ምናልባት ክርስቲያን ጎረቤቱ ነው። ያው ክርስቲያን ጎረቤት ግን በስድስት ሰዓት ተነሥቶ «ጸልዬ ልምጣ» ሲል አይሰማም። ቢል ሰው «ምን ሆነ? ምን ደረሰበት?» ይላል። ሙስሊሙ ሲሰግድ ሰዓቱ ደርሶ ነው፤ ክርስቲያኑ ሲጸልይ ግን አንድ ነገር ደርሶበት ነው ተብሎ ይታሰባል። የገዛ ቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት እንዲህ አይልም።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የጸሎት ጊዜያት አምስት ሳይሆኑ ሰባት ናቸው፦ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋም፣ መንፈቀ ሌሊት። መነሻው ዳዊት በቀን ሰባት ጊዜ እንደሚያመሰግን የተናገረበት ቦታ ነው። ፍትሐ ነገሥት በ14ኛው አንቀጹ ስለ ጸሎት ሲደነግግ የሚናገረው ለመነኮሳት ብቻ አይደለም፤ ለምእመናን ሁሉ ነው። እያንዳንዱ ሰዓት መታሰቢያ አለው። በሠለስት መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ መውረዱ፣ በቀትር ስቅለቱ፣ በተሰዓት ነፍሱን መስጠቱ፣ በሠርክ ወደ መቃብር መውረዱ ይታሰባል። ማታ ከመተኛት በፊት በጌቴሴማኒ የጸለየው፣ በመንፈቀ ሌሊት ደግሞ ትንሣኤው።

እዚህ ላይ ለኢትዮጵያዊ የተሰጠ አንድ ጸጋ አለ፤ ብዙዎቹ ግን ልብ አይሉትም። አውሮፓዊ አማኝ ክርስቶስ በስድስት ሰዓት ተሰቀለ፣ በዘጠኝ ሰዓት ነፍሱን ሰጠ የሚለውን ሲያነብ ቁጥሩን ወደ ራሱ ሰዓት መለወጥ አለበት። የሐረር ክርስቲያን አይለውጥም። ጴጥሮስ ሊጸልይ ሰገነት ላይ የወጣበት ስድስት ሰዓት ፈረስ መጋላ ላይ ፀሐይ አናት ላይ የምትቆምበት ያው ስድስት ሰዓት ነው። ጴጥሮስና ዮሐንስ ለጸሎት ወደ መቅደስ የወጡበት ዘጠኝ ሰዓት የእጅ ሰዓቱ ላይ ያለው ዘጠኝ ሰዓት ነው። የመጽሐፍ ቅዱሱ ሰዓት እጁ ላይ ታስሮ እየዞረ፣ የሚያየው ግን አውቶቡስ እንዳያመልጠው ነው።

በሐረር ዘጠኝ ሰዓት ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ምሳ ተበልቶ በርጫ የሚሞቅበት ሰዓት ነው። ከተማዋ ትቀዘቅዛለች፣ ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ጫቱ ይፈታል፣ ጨዋታው ይደምቃል። ይህን ለማውገዝ ቦታው አይደለም፤ ግን ስለ ጸሎት ጥልቀት ሲነሣ ምርቃናን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። በምርቃና ሰዓት ሰው ይለሰልሳል፤ ሐሳቡ ይሰፋል፣ ይቅርታው ይበዛል፣ ቤት ይሠራል፣ አገር ያስታርቃል። ማታ ሲቀዘቅዝ ግን ቤቱም የለም፣ የታረቀም የለም። በብዙ ክርስቲያን ዘንድ የጸሎት ጥልቀትም እንደዚሁ በስሜት ይለካል፤ እንባ ከመጣ ጸሎቱ ገብቷል፣ ካልመጣ አልገባም። ሰው በዚህ መለኪያ ሲሄድ እንባ የሚያመጣ ቦታ ፍለጋ ይጀምራል፤ አንድ ሳምንት እዚህ ጉባኤ፣ አንድ ሳምንት እዚያ ጸበል። ስሜት እንግዳ ነው፤ ሲመጣ ደስ ይላል፣ ሲቀር አይከሰስም። ሰዓት ግን የቤት ሰው ነው።

ስለ ሰዓትና ስለ መደጋገም ለመማር ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ የሚወርደውን መንገድ መያዝ ይበቃል። መንገዱ መኪና ግርግር ይባላል። መኪናው አውቶሞቢል አይደለም፤ ግራና ቀኝ የተደረደረው የልብስ ስፌት መኪና ነው፤ መንገዱ ስሙን ያገኘው ከድምፁ ነው። ሰፊው እግሩን ፔዳሉ ላይ ያደርጋል፣ በቀኝ እጁ ተሽከርካሪውን አንዴ ገፋ ያደርጋታል፣ ከዚያ እግሩ ይረከባል። መርፌዋ ትወርዳለች ትወጣለች። አንዱ ስፌት ከሌላው አይለይም፣ አንዱም ብቻውን ምንም አይደለም። ጨርቁን የሚይዘው መደጋገሙ ነው። ሰፊው በየስፌቱ ስሜት ይምጣልኝ ብሎ ቢጠብቅ አንድ ጉርድ ቀሚስ ሳያልቅ ዓመት በዓሉ ያልፍ ነበር።

ከሩቅ አገርም ምሳሌ አለ። በ1535 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ማርቲን ሉተር ለዊተንበርግ ከተማ ፀጉር አስተካካዩ ለጴጥሮስ እንዴት መጸለይ እንዳለበት ትንሽ መጽሐፍ ጽፎ ሰጠው። ጠይቆት ነው። የሉተር ምክር ለሠራተኛ ሰው የተመጠነ ነበር፦ ጠዋት ከሥራ በፊትና ማታ ከመተኛት በፊት፣ በሚታወቅ ጸሎት ላይ ተደግፎ። ሐሳቡ እየባከነ ለሚጸልይ ሰውም ምሳሌ የወሰደው ከጴጥሮስ ከራሱ ሙያ ነው፤ ምላጭ ይዞ ወዲያ ወዲህ የሚያይ ፀጉር አስተካካይ የደንበኛውን አፍንጫ ሊቆርጥ ይችላል አለው። የታሪኩ መጨረሻ ግን ያሳዝናል። መጽሐፉ በወጣ በወራት ውስጥ ያው ጴጥሮስ የልጁን ባል በጩቤ ወግቶ ገደለ፣ ከከተማም ተባረረ። ጥሩ የጸሎት መጽሐፍ መያዝና መጸለይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ አይገኝም። ሐረር ውስጥም ቤቱ ውስጥ ከነማኅደሩ ዳዊት የተሰቀለበት፣ ግን ማኅደሩ አቧራ የጠጣበት ሰው አለ።

ወደ ዳዊት ከመጣን፣ የአገራችን ክርስቲያን ለጸሎት የሚሆን መሣሪያ አጥቶ አያውቅም። ፊደል ቆጥሮ ወደ ዳዊት የደረሰ ተማሪ አነበበ ይባል ነበር፤ ዳዊት የደገመ ደግሞ የጸሎት ሰው። 150ው መዝሙር በሳምንቱ ቀናት ተከፍሎ ተሰጥቷል። ሰኞ ከአንድ እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ መጨረሻው፤ እሑድ የነቢያት ጸሎት። ዐሥር ዐሥሩ መዝሙር ደግሞ «ንጉሥ» ይባላል፤ «ዛሬ አንድ ንጉሥ ደገምኩ» ይላሉ አዛውንቶቹ። ውዳሴ ማርያምም እንዲሁ በየዕለቱ ተከፍላለች። የሌሊቱን ሰዓታት አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ደርሰውታል። ማንበብ ለማይችለውም መቁጠሪያ አለ፤ 41 ጊዜ ኪርያላይሶን የሚል ሰው ፊደል አያስፈልገውም፣ የሚያስፈልገው ጣትና ትዕግሥት ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ካለ ለምን አይበረክትም? አንዱ ምክንያት አለመረዳት ነው። በግዕዝ ለዓመታት የሚደግሙ፣ ግን የሚሉትን የማያውቁ ምእመናን ብዙ ናቸው። ይህን ሲሰሙ የሚቆጡ ሊቃውንት አሉ፤ ግዕዙ ራሱ በረከት አለው ይላሉ። ሊኖረው ይችላል። ግን ሐናም ሆነች ዳዊት የሚሉትን እያወቁ ነው ያሉት። ግዕዝና አማርኛው ጎን ለጎን የታተመ ዳዊት በየመጽሐፍ መሸጫው አለ፤ መጽሐፍ ቅዱስም በአማርኛ በ1954 ዓ.ም. በወጣው እትም በየቤቱ ይገኛል። ጠዋት በግዕዝ የደገሙትን አንድ መዝሙር ማታ በአማርኛ ቀስ ብሎ ማንበብ ማንንም አይጎዳም። ጥልቀት የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ለሃያ ዓመት ሲሉት የኖሩትን ቃል አንድ ቀን ትርጉሙን ሲሰሙ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ድምፅ ነው። ይህ ነጥብ ሁሉንም ቤተ እምነት ይነካል። ዛሬ ጸሎት ማለት ድምፅ ማጉያ ማለት እየሆነ ነው። ጉባኤው ይጮኻል፣ አዳር ጸሎቱ ይጮኻል፣ ስልኩ ውስጥ ያለው ሰባኪ ይጮኻል። ባጃጅ ሹፌሩ ስብከት ከፍቶ ይነዳል፣ እናት ወጥ እያማሰለች መዝሙር ትሰማለች። ጥሩ ነው። ግን ስብከት መስማት መጸለይ አይደለም፤ ሌላ ሰው ሲበላ እንደማየት ነው። ቀኑን ሙሉ ስለ እግዚአብሔር ሲሰማ የዋለ ሰው ማታ ለእግዚአብሔር አንዲት ቃል ሳይናገር ሊተኛ ይችላል።

ድምፅ ስለሌለው ጸሎት የሐረርጌ ምድር ራሷ የምታስታውሰው አለ። በ1950ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በአገሪቱ ከተነሡት የወጣቶች የጸሎት ቡድኖች ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የሐረር መምህራን ማሠልጠኛ ተማሪዎች ነበሩ። መምህር ለመሆን የመጡ ልጆች ከጥናት በኋላ ተሰብስበው መጸለይ ጀመሩ። በዚያው ዘመን ሜኖናይት ሚሲዮናውያን በምሥራቅ ሐረርጌ ደደር ላይ ሕክምናና ትምህርት ከፍተው ይሠሩ ነበር፤ ከእነሱ ሥራ ነው መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የበቀለችው። ደርግ በጥር 1974 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኒቱን ዘጋ፣ መሪዎቿን ለዓመታት አሰረ፣ ንብረቷን ወሰደ። ያኔ አባላቷ አምስት ሺህ ገደማ ነበሩ። ምእመናኑ በየቤቱ አምስት ስድስት እየሆኑ መገናኘት ያዙ። ጎረቤት እንዳይሰማ ዝማሬያቸውን በሹክሹክታ አደረጉት። አብረው አይገቡም፣ አብረው አይወጡም። ደርግ ወድቆ በ1983 ዓ.ም. ወደ አደባባይ ሲወጡ ከ30 ሺህ በላይ ሆነው ተገኙ። ማይክሮፎን አልነበራቸውም። መድረክም፣ የሙዚቃ ቡድንም አልነበራቸውም። የነበራቸው የተዘጋ በርና የተያዘ ቀጠሮ ነው። ዛሬ ከእነዚያ ሰዎች አንዳንዶቹ በትልልቁ አዳራሽ ተቀምጠው ያን ጓዳ የሚናፍቁት ለዚህ ይመስላል።

ካቶሊኮቹም በዚህ ከተማ ሥር አላቸው። የካፑቺን ሚሲዮን በ1873 ዓ.ም. ሐረር ገባ፤ በኋላ የተፈሪ መኮንን መምህር የሆኑት አባ እንድርያስ ዣሮሶ አብዛኛውን ዕድሜያቸውን እዚሁ ጨርሰዋል። ሰዓት ቆጥሮ መጸለይ የእነሱም ሥርዓት ነው። በአንድ ግንብ ዙሪያ፣ በአዛን መካከል፣ ሦስቱም ወገን ክርስቲያን የየራሱን መንገድ ይዞ ወደ አንድ ነገር ነው የሚመለሰው፦ የተወሰነ ሰዓት፣ ዝቅ ያለ ድምፅ፣ የተዘጋ በር።

የተዘጋ በር ሲባል ግን እውነቱን መናገር ይገባል። ክርስቶስ ስትጸልይ ወደ እልፍኝህ ግባ፣ ደጅህንም ዝጋ ብሎ አስተምሯል፤ በአንዲት ኪራይ ክፍል ከአምስት ልጅ ጋር የምትኖር እናት ግን የቱ ነው እልፍኟ? መጋረጃ ከፍለው ግማሹ ጓዳ ግማሹ ሳሎን በሆነበት ቤት በር መዝጋት ቅንጦት ነው። መልሱን ያገኙት እናቶች ራሳቸው ናቸው። ሌሊት ዐሥር ሰዓት ላይ፣ ልጆቹ ተደራርበው ሲተኙ፣ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን በራሳቸው ላይ ጣል ያደርጉና ፊታቸውን ይሸፍናሉ። ውስጥ ጨለማ ነው፣ ከከንፈር እንቅስቃሴ በቀር የሚታይ ነገር የለም። መቁጠሪያዋ ከነጠላው ሥር አንድ አንድ ቋጠሮ ታልፋለች። ውጪ፣ ከግንቡ ማዶ፣ ጅብ ይጮኻል፤ ሐረር ውስጥ ያ ድምፅ አያስደነግጥም። እልፍኙ ያ ነጠላ ነው። በር አለው፣ ይዘጋልም።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ተቃውሞ የታወቀ ነው። «ሰባት ጊዜ? ሥራ ያለው ሰው?» መልሱ ግን ቀላል ነው፤ በሰባት የሚጀምር የለም። ፈረስ መጋላን በባጃጅ የሚያልፍ ተሳፋሪ መድኃኔ ዓለም ፊት ሲደርስ ሳያስበው እጁ ወደ ግንባሩ ይሄዳል፣ ያማትባል። ሦስት ሰከንድ አይፈጅም። ያቺ ሦስት ሰከንድ የተረፈችው የሰባቱ ሰዓት ፍርፋሪ ናት። እሷ ላይ አንድ ደቂቃ መጨመር ይቻላል። የእጅ ስልኩ ላይ ለቀጠሮ የሚያስጮኸውን ደወል ስድስት ሰዓት ላይ ማድረግ፣ ሲጮኽ ደግሞ የያዙትን መቀስ፣ መዶሻ ወይም ብዕር አስቀምጦ አቡነ ዘበሰማያትን በቀስታ ማለት ይቻላል። ባልንጀራ ቢጠይቅ «ጸልዬ ልምጣ» ማለትም ነውር አይደለም፤ ጎረቤት ሱቅ የሚሰግደው ሰው ለዓመታት ሳያፍር ያለው ነው። እንዲያውም ሱቁን እንዲጠብቅለት ተራው የእሱ ይሆናል።

በጸሎት የበረቱ አባቶች ለጀማሪ ብዙ አያዝዙም። ትንሽ ያዝዛሉ፣ ግን እንዳይታጎል ያስጠነቅቃሉ። አንድ ወር 41 ስግደት ሰግዶ ጉልበቱ አብጦ ከተወው ይልቅ በቀን ሦስት የሚሰግደው ዓመት ይዘልቃል። በቀን አንድ ንጉሥ ልድገም ብሎ የጀመረ ነጋዴ በሳምንቱ መጽሐፉን ያጥፈዋል፤ በቀን አንድ መዝሙር ያለ ግን የመተው ምክንያት አያገኝም። ያለቀለት ቀን ሲመጣ፣ ደክሞት፣ ተናድዶ፣ ከሚስቱ ተጣልቶ፣ የዕለቱ መዝሙር ይጠብቀዋል፤ ብዙ ጊዜም እንደ እሱው የተናደደ ሰው የጻፈው ሆኖ ያገኘዋል። ዳዊት ያላማረረበት ነገር የለምና።

የቁጥሩ ነገር ደግሞ ለሐረር ሰው ሳይታሰብ ተስተካክሎለታል። ከቁልቢ በተመለሰ ማግስት፣ እግሩን ዘፍዝፎ በተቀመጠበት ታኅሣሥ 20 ቀን፣ መዝሙር አንድን ያነበበ ሰው፣ በቀን አንድ እያለ ሳያጎድል ከሄደ 150ኛውን የሚደርሰው ግንቦት 19 ነው፤ ያም ቀን የገብርኤል ነው። ወደ ሐምሌው ቁልቢ ሁለት ወር ይቀረዋል። በመሐሉ የሚያደክመው የፋሲካ ሰሞን ነው። ሚያዝያ 15 ላይ መዝሙር 116 ይደርሰዋል፤ ሁለት ቁጥር ብቻ ናት፣ ቁርስ ሳይቀዘቅዝ ታልቃለች። ከሁለት ቀን በኋላ ግን 118 ከነ176 ቁጥሩ ይመጣል። ሚያዝያ 17 ጠዋት ቀደም ብሎ መነሣት ያስፈልጋል።